የሚያነክሰው ምት

ቁም ሳጥኑ ተከፍቶ ተገኘ።

ቁልፉ አልተሰበረም። በሩ አልተፈነቀለም። መስኮቶቹም እንደተዘጉ ናቸው። ከመደርደሪያው መሃል ግን መጽሐፍ የሚያክለው ጥቁር ሃርድ ዲስክ የለም። በቦታው የቀረው አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያየችው የሙዚቃ ቤቱ ድምፅ አጣሪ ናት። ከሁሉም ቀድማ ትገባለች፤ ጆሮዋን ገና ማንም ሳያደክመው መሥራት ትወዳለች። አልጮኸችም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ለአለቃዋ፣ ለቤቱ ባለቤት፣ ደወለች፤ አለቃዋ ለፖሊስ ደወለ።

ጣቢያው የላከው አንድ መርማሪ ነው። ዕድሜው ገፍቷል፣ ኮቱ ነትቧል፣ ጫማው ግን እንደተወለወለ ነው። ትልልቁ ጉዳይ ዲግሪ ላላቸው ወጣቶች ይሰጣል፤ ለሱ የጠፋ ስልክና የተሰረቀ ጎማ ይደርሰዋል። አንድ ጊዜ ከባድ የነፍስ ግድያ ከሥር እስከ ጫፉ ፈትቶ ለአለቃው አስረክቦ ነበር። ጋዜጣ ላይ የወጣው የአለቃው ፎቶ ነው። መርማሪው ከጎኑ ቆሞ ነበር፤ ፎቶው ሲቆረጥ ክርኑ ብቻ ቀረ። ያችን ክርን እስከ ዛሬ ያስታውሳታል።

ሙዚቃ ቤቱ ከአንድ የጥርስ ሐኪም በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ሰው ያቃስታል፤ ከላይ አይሰማም፤ ግድግዳው በሙሉ በስፖንጅ ተለብጧል።

ባለቤቱ በሩ ላይ ጠበቀው። ጥቁር በጥቁር ለብሷል፤ ጢሙ በክር የተለካ ይመስላል።

«ብዙ አላደክምዎትም» አለ። «ሌባው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ካወቁትማ እኔ ምን ላደርግ መጣሁ?»

«ሊይዙት።»

መርማሪው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። የተቸኮለ ነገር ሲያይ መቀመጥ ልማዱ ነው።

ባለቤቱ ሥራውን አስረዳው። እዚህ የሚሠራው ሙዚቃ ዘፋኝ የለውም፤ ሁሉም በኮምፒውተር የሚቀመም ነው። ተሠርቶ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል። ኬክ መጋገር የምታስተምረው ሴትዮ፣ የድመቱን ተንኮል የሚያሳየው ጎረምሳ፣ ግድግዳ አቀባብ የሚያሳየው ቀለም ቀቢ፣ ቪዲዮ የሚሠራ ሁሉ ወስዶ ከሥራው ሥር ያስገባዋል። አያስፈቅድም፣ አይከፍልም። ቤቱ የሰጠው ቃል አንድ ነው፤ ውሰዱ፣ ተጠቀሙ፣ ማንም አይጠይቃችሁም። ትልልቅ ድርጅቶች ልዩ ሥራ የሚያዙትም ቃሉን አምነው ነው። ቃሉ ከፈረሰ ቤቱ የለም።

ቃሉም ፈረሰ። ከቤቱ ሥራዎች ሁሉ የተወደደው «መንገደኛ» የሚባለው ነው። በየቪዲዮው ሥር ይሰማል፤ ስሙን የማያውቀው ሰው እንኳ ያፏጨዋል። አንድ ከቤቱ የተባረረ ሙዚቀኛ «መንገደኛን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ ለቅጂ መብት ቢሮ አመለከተ። ቢሮው ጉዳዩ እስኪጣራ ብሎ ሙዚቃውን የተጠቀመውን ቪዲዮ ሁሉ ድምፁን ዘጋው። ኬክ ጋጋሪዋ አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የላትም። የሰው እርግማን በቤቱ ላይ ዘነበ።

ቢሮው ሁለቱንም ወገን አንድ ነገር ጠየቀ። ጥሬውን አምጡ አለ። ጥሬው ማለት ሙዚቃው ተጣርቶ አንድ ከመሆኑ በፊት፣ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ተነጥሎ የተቀመጠበት ሥራ ነው። ማን ምን እንደሠራ እዚያ ይታያል። ጥሬው የነበረው ጠፋ በተባለው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው።

«ሌላ ቅጂስ?»

«የለም። ከዚህ ቤት ጥሬ አይወጣም፣ ቅጂም አይሠራም። ሕጌ ነው። ያ የተባረረው ልጅ ጥሬው ቢታይ እንደሚያፍር ስላወቀ ሰረቀው።»

መርማሪው ሙዚቃውን ልስማው አለ። ባለቤቱ በደስታ ከፈተለት፤ ዓይኑንም ጨፈነ። ሙዚቃው ለስላሳ ነው። ከሥሩ አንዲት ደረቅ ምት ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ አንድ ቦታ ላይ ትደናቀፍና እንደገና ትነሳለች። የመርማሪው እግር ምቷን ተከትሎ ወለሉን ሲመታ እዚያች ቦታ ላይ ባዶ ረገጠ። ደስ የሚል መሰናከል ነው፤ ሰው እየሳቀ እንደሚደናቀፈው።

«ባቡር ነው» አለ ባለቤቱ። «ከመንኮራኩር ሥር የቀዳሁት። ሐዲዱ የሚጋጠምበት ላይ ይሰናከላል። ጣቴን አላሳረፍኩበትም፤ እንዳነከሰ ተውኩት። መድረክ ላይ ስንት ጊዜ ተጠይቄ ተናግሬዋለሁ።»

የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ያለው በሁለት ሰው እጅ ነው፤ በባለቤቱና በሚስቱ ወንድም። የሚስቱን ወንድም ቤተኛው ሁሉ ባለቁልፉ ይለዋል። መርማሪው ወደሱ ዞረ። ከታች የጥርስ ሐኪሙ ጸሐፊ ትናንት አመሻሽ ላይ ባለቁልፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ደረጃውን ሲወርድ አይታዋለች።

ባለቁልፉ ላበው። መጀመሪያ የቆሸሸ ልብስ ነው አለ። ቀጥሎ ምሳ ዕቃ ነው አለ። መርማሪው ትክ ብሎ ሲያየው እውነቱ ወጣ። የቢሮውን የውሃ ማፍያ ነው ይዞ የወረደው፤ ለሐኪሙ ነርስ ስጦታ ሊያደርገው። ነርሷ ተጠርታ ማፍያውን አፍ አፉን እየጠረገች አመጣችው። ጸሐፊዋ ያንን ማፍያ ለራሷ ስትጠብቀው ኖራለች። ቅናት የሚያየውን ያህል ዓይን ፖሊስ የለውም።

«ለእህቴ እንዳይነግሩብኝ» አለ ባለቁልፉ። «ባሏ ቢሰማ አንድ ቀን ይጮኻል። እሷ ግን አትረሳም።»

መርማሪው አጣሪዋን ለብቻዋ አነጋገራት። ቆጥባ የምትናገር ሴት ናት። መንገደኛን ማን ሠራው ሲላት ትከሻዋን ነቀነቀች። በዚህ ቤት ሥራ የሚወጣው በቤቱ ስም ነው፤ የሠሪ ስም አይጻፍም።

«እኔ ጋ የሚደርሰው ስም የለውም፣ ኢንስፔክተር። ያለው በሽታ ብቻ ነው። አክሜ እልከዋለሁ።»

ከራስጌዋ ግድግዳው ላይ በትልልቁ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። «ያልተስተካከለ አይቀመጥም!» ይላል። የባለቤቱ እጅ ጽሑፍ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቃት። የሰው እጅ ምት ሲመታ ትንሽ ይቀድማል ወይ ይዘገያል፤ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ግን ሁሉም እንደ ወታደር ይሰለፋል። እዚህ ቤት ማንም ሥራውን ከማስቀመጡ በፊት ያንን ቁልፍ ይጫናል። ባለቤቱ ራሱ ከሁሉም ይብሳል፤ እያወራም ቢሆን ጣቱ ትሄዳለች።

«መንገደኛስ? እሱ ያነክሳል።»

«ሲመጣ እያነከሰ ነው የመጣው። ላቃናው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አለቃ ተይው አለኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ተይው ብሎኝ አያውቅም።»

የተባረረው ሙዚቀኛ ሲያዝ አልሮጠም። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጭራሮ የሚለው ቅጽል ስሙ ከሩቅ ይታወቃል። ጣቢያ ሲገባ በሩን ጎንበስ ብሎ አለፈ፤ በሩ ግን ለማንም ይበቃል። ሲያጎነብስ የኖረ ሰው እንዲህ ነው።

«ሃርድ ዲስኩን የት አደረስከው?»

«አልወሰድኩትም።»

«ቁልፍ ነበረህ?»

«እዚያ ቤት የተሰጠኝ ወንበር ብቻ ነው። እሱም ይሽከረከራል።»

«ለምን ተባረርክ?»

«ከመንገደኛ ሥር ስሜ ይጻፍልኝ ስላልኩ።»

«ገንዘብ ነው የፈለግከው?»

«ገንዘቡንማ ለቤቱ ፈርሜያለሁ። ሰው ሁሉ በነፃ ይውሰደው፤ ደስ ይለኛል። ከሥሩ ግን በደቃቅ ፊደል የሠራው ስም ይኑር ነው ያልኩት። እኔ የጠየቅሁት ስሜን ነው፤ ቢሮው የሰው አፍ ዘጋ። ያቺ ኬክ ጋጋሪ ስትሰድበኝ አየሁ፤ ድምፅ ስለሌላት ከከንፈሯ አነበብኩት።»

መርማሪው ሊስቅ ነበር፤ ተወው።

«ጥሬው ቢታይ የምታፍር ከሆነ ግን ልትሰርቀው ትችላለህ።»

«ጌታዬ፣ ጥሬው የኔ ምስክር ነው። ሌላ የለኝም። ምስክሩን የሚገድል ከሳሽ አይተው ያውቃሉ?»

«መንገደኛን ከምን ሠራኸው?»

ጭራሮ ጣቶቹን አቆላለፈ።

«አንዴ ተናግሬ ተስቆብኛል» አለ።

«እኔ አልስቅም።»

«እነሱም ሲጀምሩ አልሳቁም ነበር።»

ከዚህ በላይ አልተናገረም። መርማሪው ወደ ጣቢያው አለቃ ቢሮ ሄደ። አለቃው ፋይሉን ሳይገልጥ ጉዳዩ ያለቀ ነው አለው። የተባረረ ሠራተኛ፣ ቂም፣ የጠፋ ዕቃ፤ ጻፈውና ላከው፣ አንተ ደግሞ ነገር ማብዛት ትወዳለህ አለው። መርማሪው የልጁ ቤት ሳይፈተሽ መጻፍ ደንብ አይደለም አለ። አለቃው ደንብ የሚባል ቃል ሲሰማ ይሰለቸዋል። ሂድ ብሎ አሰናበተው።

በመንገዱ ላይ ነገሩን አብሰለሰለው። ሁለት ሰዎች አሉ። ሁለቱም ጥሬው የኔ ምስክር ነው ይላሉ። አንዱ ምስክሩን ይፈራል። የትኛው? ልብሱ ያማረው «ልጁ ነው» አለ፤ ሁሉም አመነው። ልብሱ ያላማረው «እኔ አይደለሁም» አለ፤ ማስረጃ አምጣ ተባለ። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ነው። ደህና የለበሰ ሲሰርቅ ስህተት ይባላል፤ የነተበ የለበሰ ሲሳሳት ስርቆት ይባላል።

የጭራሮ ቤት ከረጅም ደረጃ በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ከመጋረጃው ወዲያ የልጁ አልጋ፣ ከወዲህ የእናቱ የስፌት መኪና። የተማሪ ዩኒፎርም እንደ ክምር ተቆልሏል። እናትየዋ በሩ ሲከፈት ከመኪናዋ አልተነሳችም።

«ልጄ ሌባ ነው ልትለኝ ከሆነ የመጣኸው፣ ከቆምክበት ንገረኝና ሂድ።»

«እንደዚያ አላልኩም እማማ።»

«እንግዲያው ተቀመጥ። እጄ ግን አይቆምም፤ ትምህርት ቤቱ ነገ ይረከበኛል። ልጅ ታሰረ ብሎ ኪሱ ያልተሰፋለት ተማሪ አይኖርም።»

መርማሪው ፍተሻውን ጀመረ። አልጋ አገላበጠ፣ ካርቶን ከፈተ። ሃርድ ዲስክ የለም። ከኋላው መኪናዋ ትሄዳለች። ጭ፣ ጭ፣ ጭ። ሳያስበው እግሩ ወለሉን መምታት ጀመረ። አንድ ቦታ ላይ ባዶ ረገጠ።

ቀጥ ብሎ ቆመ። ካርቶኑ ከእጁ ወደቀ።

መኪናዋ ሄደች፣ ተሰናከለች፣ ተነሳች። እግሩ እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ሳተ።

«እማማ፣ ይቺ መኪና ምን ሆናለች?»

«ታነክሳለቻ። ከውስጥ አንድ ጥርሷ ወልቋል። ጭራሮ ሕፃን ሳለ ሚስማር ከቶባት ነው። በሚስማሩ ሊወጋኝ መጣ እንጂ ይቅርታ አልጠየቀም። ጭራሮ ያልኩትም ያኔ ነው፤ ዓይን ውስጥ የሚገባ ነገር ነበር።» ጨርቁን አዙራ ቀጠለች። «ነገ ጠጋኝ ይመጣል። ልጄ ነው ሳይታሰር የላከልኝ፤ እግርሽ ይረፍ አለኝ።»

«አያሠሯት።»

«ምን?»

«እባክዎ እማማ። ለጥቂት ቀን ማንም እንዳይነካት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯ ቆመ። ከመነጽሯ በላይ አየችው።

«ፖሊስ ከመቼ ወዲህ ነው ስፌት የሚያዘው?»

ስልኩን አውጥቶ አንዴ ይስፉልኝ አላት። ሰፋችለት። ቀዳው። ሙዚቃ መሆኑን አልነገራትም፤ እሷም ልጇ መኪናዋን ዓለም ሁሉ እንዲሰማት እንዳደረገ አታውቅም። ሲወጣ ጠራችው።

«ልጄን ምሳ አብሉት። ሲከፋው አይበላም።»

ጣቢያ ተመልሶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ለጭራሮ ከፈተለት። ጭራሮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ለምን አልተናገርክም?»

«ስናገር ስቀውብኛል አላልኩዎትም? የእናቱን ሲንጀር ሙዚቃ አደረጋት ብለው አንድ ሳምንት አላገጡብኝ። አለቃ አልሳቀም፤ እሱ ሄዶ ባቡር አደረጋት።»

«ለቢሮው መናገር ትችል ነበር። መኪናዋ አለች።»

«እናቴን ቢሮ ለቢሮ አላንከራትትም። ሰዎቹ ፊት ተቀመጪና ስፊ ሊሏት ነው? ጥሬው ይበቃ ነበር።»

መርማሪው ስለ ልጁ እርግጠኛ ሆነ። እርግጠኛ መሆን ግን ማስረጃ አይደለም። መኪናዋ ሙዚቃውን ማን እንደወለደው ትናገራለች፤ ቁም ሳጥኑን ማን እንደከፈተው አትናገርም። የጣቢያው አለቃም የሴትዮ ስፌት ይዤ ፍርድ ቤት ልቁም ወይ ብሎ ይስቅበታል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ስልክ ተደወለ። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ነው፤ ድምፁ የምሥራች ድምፅ ነው። የመብት ቢሮው ጥሬ ካልቀረበ የልጁን አቤቱታ እቀበላለሁ ብሎ ጽፎለታል። እሱም ቤቱን ሲያገላብጥ የረሳውን የመንገደኛ ጥሬ ቅጂ አገኘ። ፈጣሪ ይመስገን አለ።

መርማሪው ስልኩን ዘጋ። ቅጂ አይሠራም፣ ሕጌ ነው ያለው ሰው ቅጂ አገኘ።

ሁሉንም ሙዚቃ ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው። ባለቤቱ፣ ባለቁልፉ፣ አጣሪዋ። ጭራሮንም ከአንድ ፖሊስ ጋር አስመጣው፤ የድሮ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ባለቤቱ አላየውም። ሰው የበደለውን ሰው ዕቃ ያደርገዋል፤ ካላደረገው ምሳ አይወርድለትም።

«ይኸው ጥሬው» አለ ባለቤቱ። አጣሪዋ ከፈተችው። ድምፆቹ ተራ በተራ ተደርድረው ታዩ። ደረቋን ምት ለብቻዋ አሰሚን አላት መርማሪው።

ምቷ ሄደች። መርማሪው ዓይኑን ጨፍኖ በእግሩ ተከተላት። ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች። እግሩ አንዴም ባዶ አልረገጠም።

«አሁን ደግሞ ሰው የሚያውቀውን መንገደኛ።»

አጣሪዋ ያንን ከፈተች። ሄደች፣ ተሰናከለች፣ ተነሳች። አጣሪዋ እጇ አየር ላይ ቀረ። ወደ አለቃዋ ዞረች፤ ዞራም ወዲያው ዓይኗን ሰበረች። ገብቷታል።

«እኔ ሙዚቃ አላውቅም» አለ መርማሪው። «እግር ግን አለኝ። ጥሬው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከጥሬው ወጣ የተባለው ያነክሳል። ባቡሩ ሲቀዳ እያነከሰ ነበር፣ ጣቴን አላሳረፍኩበትም ብለውኛል።»

«ሲጣራ ነው ያነከሰው» አለ ባለቤቱ ፈጥኖ።

አጣሪዋ ሳትዞር ተናገረች። «እኔ ጋ ሲደርስ ያነክስ ነበር፣ አለቃ። ላቃናው ወይ ስል ተይው ብለውኛል።»

ስፖንጅ የለበሰ ክፍል ጸጥ ሲል ሰው የራሱን ደም ይሰማል።

«ይህ ጥሬ ትናንት ወይ ዛሬ የተሠራ ነው» አለ መርማሪው። «ያለቀውን ሙዚቃ እየሰሙ አንድ በአንድ ቀድተው ሠሩት። ጎበዝ ሠሪ ነዎት፤ ሁሉም ቦታው ላይ ነው። ሲጨርሱ ግን ሊያስቀምጡት አሉ።» ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በአገጩ አሳየ። «ጣትዎ ሄደች። ሳያስቡት አስተካከሉት። አመል ያወጣል ከመሃል ይባላል። ልጁ ቢሆን ኖሮ እያነከሰ ይተወው ነበር።»

ባለቤቱ ወረቀቱን አየ። የራሱን እጅ ጽሑፍ ገና አሁን የሚያነበው ይመስል ብዙ ቆየ።

«ሃርድ ዲስኩስ?» አለ መርማሪው፤ በለሰለሰ ድምፅ።

«ወንዝ ውስጥ ነው።»

ባለቁልፉ ሳያስበው ወንበር ሳበለት። ባለቤቱ ተቀመጠ። ነገሩን ሲናገር አልጮኸም፤ የሚያወራው ስለ ሌላ ሰው ይመስል ነበር። ወጣት ሳለ ሙዚቀኛ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሠራ፤ አንድም ሰው አላፏጨለትም። ቤቱን ከፈተ። መንገደኛ ወጣ፤ ዓለም ወደደው። አንዲት ጋዜጠኛ መድረክ ላይ ይህን የሠሩት እርስዎ ነዎት አለችው። ዝም አለ። ዝምታው አዎ ተብሎ ተጻፈ። ቀጥሎ ከምን ሠሩት ተባለ፤ የስፌት መኪና ማለት ልጁን መጥራት ስለሆነ ባቡር አለ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ሽልማት መጣ፣ አስተምር ተባለ። እናቱ ከመሞቷ በፊት ሰምታ ልጄ መጨረሻውን አማረ አለች።

ጥሬው ሲከፈት ከመጀመሪያዋ ምት በፊት የአንዲት ሴት ድምፅ ነበረበት። «ጭራሮ፣ ራትህ ይቀዘቅዛል» ትላለች። ያንን ድምፅ ቢቆርጠው፣ ከሥሩ ያለው የልጁ አሠራር ይቀራል። ሁሉንም አጠፋው። ጥሬው ከሌለ የልጁ ቃል ብቻውን ይቀራል፣ የኔ ይታመናል ብሎ ነበር። ቢሮው ጠፋ ቢባልም አምጣ ብሎ እንደሚያስጨንቀው አልገመተም።

«ሌላውን ሥራህን ሁሉ ወስደህ ይቺን አንዷን ብትተውልኝ ምን ነበረበት?» አለ ባለቤቱ፣ አሁን ገና ወደ ጭራሮ ዞሮ። «አንተ ገና ልጅ ነህ። ሌላ ትሠራለህ።»

ጭራሮ ከተደገፈው ግድግዳ ተላቀቀ።

«የእናቴ የራት ጥሪ እዚያ ውስጥ ተቀድቶ ስለነበር ነው» አለ። «ሌላ ቦታ አልቀዳሁትም ነበር።»

አጣሪዋ ማዳመጫዋን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ያኔ ስንስቅ እኔም ስቄያለሁ» አለችው። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ይቅር ማለቱ ይሁን አውቃለሁ ማለቱ አልታወቀም።

የመብት ቢሮው ግን አሁንም ማረጋገጫ ፈለገ። ቢሮ ሰው ቢናዘዝለትም ማኅተም ይሻል። መርማሪው ሴትዮዋ አይመጡም፣ እናንተ ሂዱ አላቸው። ደረጃ ወጥተው የማያውቁ ሹማምንት እያለከለኩ ወጡ። እናትየዋ አልተነሳችላቸውም። ከዩኒፎርሙ ክምር ላይ ተቀመጡ አለቻቸው፤ ተቀመጡ። ሰፋች። አንዱ ሹም እግሩ ወለሉን መታ፤ ባዶ ረገጠ፤ ሌላኛውን አየ። ጭራሮ መጋረጃው ሥር ቆሞ ነበር። አላፈረም። እናቱ ስትስቅ አየ።

«ይኼ ሁሉ ሰው ለዚች ነው የተጣላው? ብትነግሩኝ ድሮ በሸጥኩላችሁ ነበር።»

ቪዲዮዎቹ ድምፃቸው ተመለሰ። ኬክ ጋጋሪዋም ተናገረች። ከመንገደኛ ሥር በደቃቅ ፊደል አንድ ስም ተጻፈ። ሙዚቃ ቤቱን አጣሪዋና ባለቁልፉ ያዙት፤ ግድግዳው ላይ የነበረው ወረቀት ተነሳ። የፖሊስ አለቃው ለጋዜጣ መግለጫ ሰጠ፤ በሳይንሳዊ ምርመራ ደረስንበት አለ። ፎቶው ላይ ከጎኑ ማንም አልቆመም። መርማሪው ሳይጠሩት ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ክርኑን ይዞ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በዚያ በኩል ሲያልፍ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጎራ አለ። ስፌቱ ከደረጃው ይሰማል። ጭ፣ ጭ፣ ጭ፣ ጭ። ቀጥ ያለ ነው።

«ተጠገነች እማማ?»

«ተጠገነች።» ፊቷ ላይ ደስታ የለም። ያነሳችው ኪስ ጠምሟል። «እሷ ዳነች፣ እኔ ታመምኩ። ስንት ዘመን ስታነክስ እግሬ እሷን ሲጠብቅ ኖሯል። አሁን እሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ እግሬ እዚያች ቦታ ላይ ይቆማል።»

ከመደርደሪያው የልጇን ስልክ አወረደችና ባልለመደ ጣት ከፈተችው። መንገደኛ ክፍሉን ሞላው። መርገጫዋን ረገጠች። ደረቋ ምት ሄደች፣ ሄደች፣ ተሰናከለች፤ እግሯም አብሮ ቆመ፣ አብሮ ተነሳ። ስፌቱ ቀና።

መርማሪው በሩ ላይ ቆሞ ወለሉን በእግሩ ይመታ ነበር።

«ግባና ተቀመጥ» አለችው። «ወለሉን ሰበርከው።»